ባዶ ያልተመለሰው ትሪ

በሰው አገር ሆናችሁ፣ ኪሳችሁ ሳስቶ፣ በየቀኑ ያንኑ የተጠበሰ ዶሮና ችብስ እየበላችሁ ሰንብታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ቀን ይጣፍጣል። በማግስቱም አይከፋም። ከዚያ በኋላ ግን ልብሳችሁና ትራሳችሁ ሳይቀር ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ የሚታያችሁ የወረቀት ሳጥኑ ነው። ለመሆኑ ያንን ሳጥን ከግድግዳው ጀርባ ሆኖ የሚያቀብላችሁ ማን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ላስረዳ። ሐይቅ ከተማ የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ ገና ብዙ አልቆየሁም። ተማሪዎቼ “ምክንያቱም” የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኛል፤ ሳላብራራ የማልፈው ነገር ስለሌለ ነው። እናቴ ሀዋ የምትኖረው ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ የአምባሰል ቀበሌ ነው። ሪያድ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ለዓመታት ቆጥባ እማን ዑምራ አስጠራቻት፤ እኔም ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬያት ሄድኩ። ዑምራው በሰላም አለቀ። ለመመለስ ጅዳ ስንደርስ ግን የእማ እግር አበጠ። ሐኪሙ እብጠቱ ሳይወርድ እንዳትበር ከለከላት፤ አብረውን የመጡት ሄዱ፤ እኛ አንዲት ጠባብ ማረፊያ ክፍል ይዘን ቀረን።

ከማረፊያችን ሥር የፋስት ፉድ ቤት ነበር። በርካሽ ለመኖር ሥርዓት ያስፈልጋል፤ እኔም ወዲያው ሥርዓት አበጀሁ። ለአንድ ሰው ከሚሸጠው ሳጥን ይልቅ የቤተሰቡን መግዛት፣ ግማሹን ለምሳ ግማሹን ለእራት መክፈል፣ ለስላሳውን ትቶ ውኃ መጠጣት፣ ዳቦ ጨምሩልኝ ለማለት አለማፈር። እማ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጠችኝና ዶሮው አጥንቱ ድረስ ጨው እንደሆነ ብቻ ነገረችኝ።

ገንዘብ ተቀባዩ ባንግላዴሻዊ ነው። እናቴ መውረድ እንደማትችል ሳስረዳው ምግቡን በቀይ የፕላስቲክ ትሪ ወደ ክፍል እንዳወጣ ፈቀደልኝ። ትሪውን የምረከበውም የምመልሰውም ከመመገቢያው ጥግ ግድግዳው ላይ በተከፈተች ትንሽ መስኮት ነው። መስኮቷ ላይ ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከወዲያ በኩል ጨለማ ነው፤ እንፋሎት ይወጣል። ትሪውን ስትገፉት ቢጫ ጓንት ያጠለቀ እጅ ይወጣና ወደ ውስጥ ይስበዋል። እጅ ብቻ። ፊት የለውም፣ ድምፅ የለውም።

በመጀመሪያው ቀን ትሪውን ይዤ ልወርድ ስል እማ አስቆመችኝ።

“ዕቃውን ባዶውን ልትመልሰው ነው?”

ይህ ንግድ ቤት እንደሆነ፣ ትሪው የጎረቤት ሰሃን እንዳልሆነ፣ ከደንበኛ የመጣ ነገር ለንጽሕና ሲባል እንደሚጣል አስረዳኋት። እሷ ግን ከአገር ይዛው ከመጣችው ቆሎ አንድ እፍኝ በሶፍት ጠቅልላ ትሪው ላይ አኖረች።

“ለደከመችልን ሴት ነው። ቢጥሉት የነሱ ጉዳይ።”

ሴት መሆኗን በምን እንዳወቀች ብጠይቃት ትሪውን እጄ ላይ አስያዘችኝ።

እኛ አካባቢ ያላደገ ሰው ነገሩ እንዳይጠፋበት ላብራራ። ጎረቤት በሰሃን ምግብ ቢልክላችሁ ሰሃኑ የሚመለሰው የሆነ ነገር ተደርጎበት ነው፤ ጥቂት ጥራጥሬ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃል። ቤት ውስጥ ምንም ከጠፋ ከደጅ እርጥብ ሣር ወይም ቅጠል ቆርጦ ጣል ይደረጋል። ይህን የሚያደርገው ያንን አገር የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

በማግስቱ ሳጥኑን ከትሪው ላይ ሳነሳ ከሥሩ አንድ እርጥብ የናና ዘንግ ተጋድሞ አገኘሁ። ከሻይ ተርፎ የወደቀ መሰለኝ፤ ልጥለው ስል እማ ከእጄ ተቀበለችኝ። አሸተተችው፤ ትራሷ ሥር አደረገችው።

ሌላም ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በርትቶ ከተማው ጭር ሲል እማ ዉዱእ ልታደርግ መታጠቢያ ክፍል ትገባና ሳትወጣ ትቆያለች። አንድ ቀን ጠራችኝና ግድግዳው ላይ ጆሮዬን እንዳደርግ አዘዘችኝ። ከቧንቧው ውስጥ የሴት ዜማ ይሰማል። ቃሉ አይለይም፤ ዜማው ግን የእኛ አገር መንዙማ ነው፤ ሴቶች ዱዓ ላይ ተቀምጠው እንደሚሉት ዓይነት ረጅምና የሚንቀጠቀጥ። ድምፅ በብረት ቧንቧ ውስጥ ከአየር ይልቅ እንዴት እንደሚፈጥን ለእማ ማስረዳት ጀመርኩ። እየሰማችኝ አልነበረም።

ከዚያ ጥምጥሙ መጣ። ከሳጥኑ ሥር፣ በናና ዘንጎች ላይ የሳጥን ማሰሪያ ላስቲክ እየተጠመጠመ የተሠራ፣ ከአዝራር ብዙም የማይበልጥ ክብ ነገር። ለእኔ መጫወቻ ነበር። እማ ግን መዳፏ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ አዟዟረችውና አልጋው ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

“ይህ የሰፌድ መጀመሪያ ነው” አለች።

“እሺ፣ እንግዲያው የአገር ልጅ ናት ማለት ነው።”

“ዙሩን እየው። ወደየት ነው የሚዞር? እኔ፣ እናቴ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወደዚህ ነው የምንሰፋ። ይህ በተቃራኒው ነው የሄደ። ግራኝ ናት የሰፋችው።” ጥምጥሙን ጨበጠችና፣ “ስፌት ካስተማርኳቸው ልጆች ግራኟ አንድ ነበረች። የከድጃ ልጅ። ሰዓዳ።”

እዚህ ላይ እንደፈራሁ አልደብቃችሁም። ምክንያቱም የሰዓዳን ሰደቃ በልቻለሁ።

እትዬ ከድጃ የእናቴ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። ሰዓዳ አንድ ልጃቸው ናት። በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግራ ሳዑዲ ልትገባ ወጣች። ጀልባው መገልበጡ ተሰማ፤ ደላላው ስሟ ከሰመጡት መካከል እንዳለ ተናገረ። ሬሳ ስላልነበረ ሶላተል ጋኢብ ተሰገደባት፤ በሬ ታረደ፤ ቀበሌው ሁሉ ተሰብስቦ በላ። እኔም ከሐይቅ ሄጄ ድንኳን ተክያለሁ፣ ውኃ ቀድቻለሁ፣ ሥጋውን በልቻለሁ። አሁን ደግሞ ሙት የሆነች ልጅ ቅጠል እየላከችልን ነው።

ሮጬ ወርጄ ባንግላዴሻዊውን ሐበሻ ሴት እዚህ ትሠራ እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቱ ተለወጠ። “ማፊ ሐበሻ” አለኝ፤ ሐበሻ የለም። ሴትም የለችም፤ ወጥ ቤት ያሉት ወንዶች ናቸው። ታዲያ ትሪውን የሚስበው ማነው ብዬ ስጠይቀው ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረ። አሁን ሳስበው የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ልጅ ሸሽጎ ስለሚያሠራ ፈርቶ ነው። በዚያች ቅጽበት ግን ከሥጋና ደም ይልቅ የሙት መንፈስ አሰብኩ፤ እኔ፣ የሳይንስ መምህሩ።

በማግስቱ ሰው በማይበዛበት ከሰዓት በኋላ እማ ግድግዳ ተደግፋ ደረጃውን ወረደች። ወንበር ወደ መስኮቷ አስጠጋሁላት። ትሪው ላይ ቆሎ አድርጋ ገፋችው። ቢጫው እጅ ወጣ። የግራ እጅ ነበር። ትሪውን ከመያዙ በፊት እማ በለሆሳስ ጠራች።

“ሰዓዳ።”

እጁ ቆመ። እንፋሎቱ ብቻ ይንቀሳቀሳል።

በእኛ አገር ድምፁ ከየት እንደመጣ የማይታይ ሰው በስማችሁ ሲጠራችሁ ቶሎ አቤት አይባልም። አንዴ ብቻ ከጠራ ጅን ወይም ሙት ነው ይባላል፤ ሰው ከሆነ ይደግማል፣ ይሠልሳል። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው እጅ ይህን ሕግ ያውቃል። እየጠበቀ ነው።

“ሰዓዳ” አለች እማ እንደገና። ከዚያ ሠለሰች፤ “ሰዓዳ ሆዴ።”

“አቤት” አለ ድምፁ።

መጋረጃው ሲገለጥ ያየሁት ፊት የማውቀው ነበር፤ የከሳ፣ በእንፋሎት የረጠበ፣ ዓይኑ የጎላ። እማ እጇን በመስኮቷ አስገብታ ጉንጯን ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ አፍንጫዋን፣ ልክ ገበያ ላይ ጨርቅ እንደምትመረምር። ልጅቱ ፊቷን ወደ መዳፏ አስጠጋች።

“እትዬ ሀዋ፣ ትኩስ ነኝ ወይስ ቀዝቃዛ?” ብላ ጠየቀች።

“ትኩስ ነሽ፣ የኔ ሆድ።”

“እኔኮ አንዳንዴ እውነትም የሞትኩ ይመስለኛል።”

ባንግላዴሻዊው መጥቶ አየን፤ ሊቆጣ አፉን ከፈተና እማ ስታለቅስ ሲያይ በሩን ቆልፎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። በዚያች ጥቂት ጊዜ ሰዓዳ ሁሉንም ነገረችን። ጀልባው በሚነሳበት ቀን ባሕሩ ዳር ታማ ወድቃ ነበር። ደላላው ቦታዋን ለሌላ ልጅ ሰጠ፤ ያቺ ልጅ በሰዓዳ ስም ተሳፈረች፤ የሰመጠችውም በዚያው ስም ነው። ሰዓዳ ከተሻላት በኋላ በሌላ ጀልባ ተሻገረች። ስልክ እንዳገኘች መጀመሪያ የደወለችው ለእናቷ ነበር።

“እማ እኔ ነኝ አልኳት። አዑዙ ቢላሂ አለችና ዘጋችብኝ። መልሼ ስደውል ቁጥሩ ጠፍቷል። በየሳምንቱ እሞክረው ነበር። ኋላ ተውኩት።”

እማ አንገቷን ደፋች። ለካ በዚያ ሰዓት እሷም እትዬ ከድጃ ቤት ለቅሶ ተቀምጣ ነበር። ስልኩ ሲጠራ፣ የሙቷ ድምፅ ሲሰማ፣ ሴቶቹ ሸይጧን በልጇ ድምፅ እናትን ሊያሰቃይ መጣ ብለው ስልኩን ነጠቁ። ቁርኣን አስቀሩበት፤ ሲም ካርዱን አውጥተው ገደል ወረወሩት። ስልኩን ከእጇ የነጠቀችው እናቴ ናት።

“ነገ አስደውልሻለሁ” አለቻት።

ሰዓዳ ጓንቷን አወለቀች። “አንዴ ብቻ” አለች። “ፊቴን አይታ ደግማ አዑዙ ካለችብኝ ሌላ አልሞክርም። እዚሁ ሙት ሆኜ እቀራለሁ።”

የእማ እብጠት እየወረደ፣ የምንበርበት ቀን ደርሶ ነበር። ከነገ በኋላ ያቺን መስኮት የሚያንኳኳ ዘመድ አይኖርም። ቀበሌያችን ቪዲዮ የሚያሳይ ኔትወርክ ስለሌለ ውጫሌ ጨርቅ ቤት ላላት ታናሽ እህቴ ለለይላ ደወልኩና ምክንያቱን ሳልነግራት እትዬ ከድጃን ከመካ ዱዓ ተልኮላቸዋል ብላ እንድታወርዳቸው ለመንኳት።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ጥጉ ላይ ተቀመጥን። ባንግላዴሻዊው ሳንጠይቀው አንድ ሳጥን ዶሮ አቀረበልን። ስልኩን የውኃ ጠርሙስ ላይ አስደገፍኩት። ለይላ አነሳች፤ ከጎኗ እትዬ ከድጃ፣ ከኋላቸው ከቀበሌው አብረው የወረዱ ሴቶች አሉ። እማና እሳቸው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ እግሩ፣ ሙቀቱ፣ ከዕባው ተጠየቀ። ከዚያ እማ ቢስሚላህ እንዲሉ ነግራቸው ስልኩን ወደ ሰዓዳ አዞረችው።

ማንም አልጮኸም። እኔ ልቅሶ ጠብቄ ነበር። እትዬ ከድጃ ግን ፊታቸው እንደ ድንጋይ ጸና። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች ሸይጧን ያባርራል የሚባለውን አያተል ኩርሲ መቅራት ጀመሩ፤ ድምፃቸው በስልኩ ውስጥ እየተቆራረጠ ይመጣል።

“እማ” አለች ሰዓዳ።

እትዬ ከድጃ ለእናቴ ነው የተናገሩት። “ሀዋ፣ መልኳን አምጥተውታል። ድምፅዋንም ያኔም አምጥተውት ነበር።”

ለይላ ደግሞ ይባስ ብላ ዘንድሮ የሰው ፊት በስልክ መሥራት እንደሚቻል በቲክቶክ እንዳየች አንሾካሾከች። እኔ ጣልቃ ገባሁና ስለ ጀልባው፣ ስለ ስሙ መለዋወጥ፣ ስለ ደላላው በቅደም ተከተል አስረዳሁ። መምህር እንደሚያስረዳው፣ አንድም ሳልዘል። ስጨርስ የሴቶቹ ቂርኣት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሰዓዳ ቀስ ብላ መነሳት ጀመረች። እማ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት።

“ትብላ” አሉ እትዬ ከድጃ ድንገት። “ሸይጧን የአላህ ስም የተጠራበትን አይቀምስም። ቢስሚላህ ብላ ፊቴ ትብላ።”

ሳጥኑን ከፈትኩት። ያንን የሰለቸኝን ዶሮ፣ ያንን የቀዘቀዘ ችብስ። ሰዓዳ ዓይኗን ከእናቷ ሳትነቅል ቢስሚላህ አለችና እጇን ዘረጋች። የተዘረጋው ግራ እጇ ነበር።

ሴቶቹ ቂርኣታቸውን አቋረጡ። በግራ የሚበላ ሸይጧን መሆኑን የማያውቅ ሙስሊም የለም። አንዷ አዑዙ ቢላሂ ስትል ሰማሁ። የለይላ ጣት ወደ ስልኩ መዝጊያ ሲመጣ የስክሪኑ ግማሽ በጣቷ ጠቆረ፤ እኔም አለቀ አልኩ።

“በቀኝሽ ብዪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ። እስከ መቼ ነው የምነግርሽ?”

የተናገሩት እትዬ ከድጃ ናቸው። የቁጣ እንኳን አልነበረም፤ በየማዕዱ የሚባል፣ ሳይታሰብ ከአፍ የሚወጣ ነገር ነው። ተናግረው ሲጨርሱ የራሳቸውን ድምፅ የሰሙ መሰለኝ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የለይላን ጣት ከስልኩ ላይ አነሱት።

ሰዓዳ ዶሮውን ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው። እንባዋ እየወረደ ጎረሰች፤ አላመጠች፤ ዋጠች። እናቷ እያንዳንዷን ጉርሻ ተከታተሉ። ሳጥኑ አለቀ። ከዚያ እትዬ ከድጃ ፊታቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው፣ “ምነው እንዲህ ከሳሽ?” አሉ።

ከወራት በኋላ ሰዓዳ ከተመላሾች ጋር አገሯ ገባች። አሁን ውጫሌ ከለይላ ጋር ትሠራለች። የቀበሌው ሰው ሰደቃሽን በልተንብሻል ሲላት ካሁን በኋላ በሬ እንዳትጠብቁ እያለች ትስቃለች። አንዳንድ አሮጊቶች ግን ዛሬም አንዴ ስትጠራቸው አቤት አይሉም።

በእኔ ላይ ምን ተለወጠ ብትሉኝ፣ ማስረዳት አላቆምኩም፤ ተማሪዎቼ ምስክር ናቸው። ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል፤ እሱን አስረድቼ መጨረስ አልቻልኩም። ያኔ ሶላት የሰገድንባት፣ ዱዓ ያደረግንላት፣ የሰደቃዋን ሥጋ የበላንላት ልጅ ማን ነበረች? ሰዓዳ የምታውቀው ከአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ መሆኗን ብቻ ነው፤ ስሟን አልተጠያየቁም። ቅዳሜና እሑድ እየሄድኩ በአርዲቦ ዙሪያ ባሉ መንደሮች አጠያይቃለሁ። ልጄ ሄዳ ድምፅዋ ጠፋ የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ስልካቸውን መቀነታቸው ውስጥ ይዘዋል፣ ሁሉም ይጠብቃሉ። ለየትኛዋ ምን እንደምላት አላውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሰው አገር ሄዳችሁ እንዲህ ያለ ርካሽ ምግብ ስትበሉ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ኋላው መስኮት ጠጋ በሉና በአማርኛ ሰላም በሉ። መልስ ከሌለ ድገሙት፣ ሠልሱት። አቤት የሚል ካለ ስሙን፣ የአባቱን ስምና መንደሩን ጠይቁት፤ የራሳችሁንም ንገሩት። ከዚያ እዚያው ቆማችሁ እቤቱ ደውሉለት። እስቲ ሞክሩት።